ሽርሽራችን ሲደራጅ

አባቴ አዋሳን የሚከሳት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሜዳ በመሆኗ። እሱ የተወለደው በሰሜን፣ ጥንት ነገሥታት ከአናቷ ላይ ድንኳን ተክለው አገር በሚያዩባት አሮጌ የተራራ ከተማ ነው። እዚያ አክስት መጠየቅ ዳገት ነው፤ ወፍጮ ቤት መሄድ ቁልቁለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ደግሞ ሁለቱም ነው። የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ሲዳሞ ተመድቦ ሲመጣ፣ ከአውቶቡስ እንደ ወረደ ዙሪያውን አይቶ «ከተማው የታለ?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ከተማ ማለት ለእሱ ቀና ተብሎ የሚታይ ነገር ነበር።

ያኔ ሐዋሳ አንላትም፤ አዋሳ ነበረች። ቀና ተብሎ የሚታይ ነገር ካላት፣ ከሐይቁ ዳር የተቀመጠው ታቦር ነው። የከተማው ሰው ሁሉ ታቦርን ተራራ ይለዋል። አባቴ ግን «ጉብታ» ነበር የሚለው። «ተራራ ለመባል ምን አነሰው?» ሲሉት፣ «ተራራነት» ይላል።

ይህን የሚለው ሊያናድድ ፈልጎ አልነበረም። አባቴ ውሸት አይችልም። አይዋሽም ማለቴ አይደለም፤ አይችልም። አንዴ ጎረቤታችን አራስ ሳለች ሊጠይቃት ገብቶ፣ ልጁን ገልጣ «ቆንጆ ነው አይደል መምህር?» ብትለው፣ ጎንበስ ብሎ በደንብ አየና «ገና ነው» አላት። ያቺ ሴት ሰላምታዋን ያደሰችው ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ እሱም አባቴ ስለሚያስተምረው።

እናቴ የዚሁ አገር ሰው ናት። ከቱላ ወዲያ ካለ የሲዳማ ገጠር፣ ከወንጌላውያን ቤተሰብ ተወልዳ፣ ከተማ መጥታ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነች። አባቴ ማርያምን ብሎ የሚምል ኦርቶዶክስ ነው። ሲጋቡ የሁለቱም ወገን «ይሄ ነገር ዓመት አይደፍንም» ብሎ ነበር። ከደፈነም በኋላ ለማመን የተቸገሩ ዘመዶች አሉን። እናቴ ባሏን «ጋሼ» እያለች በአንቱታ ነው የምትጠራው፤ የምትፈልገውን ሁሉ ግን በዚያው አንቱታ ታሠራዋለች።

እናቴን ሰው የሚያውቃት በድምፅዋ ነበር። በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ፊት ቆማ ስትጀምር፣ ከውጭ የሚያልፈው ሰው እግሩን ይገታል ይሉ ነበር። ኋላ ደርግ የእነ እናቴን ቤተ ክርስቲያን አሸገና ጥቂት ቆይቶ የቀበሌ የስብሰባ አዳራሽ አደረገው። ስለዚህ እናቴ ከድሮው የበለጠ አዘውትራ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረች ማለት ይቻላል፤ ስብሰባው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበርና። ያው የድሮ አግዳሚ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ያው የድሮው ምስባክ ላይ ቆሞ ሊቀመንበሩ ስለ ታሪካዊ ቁስ አካልነት ሲያስረዳ ትሰማለች። ልማድ ሆኖባት አንዳንድ ጊዜ ሲጨርስ «አሜን» ልትል አፏን ከፍታ ትዘጋዋለች።

መዘመር ቀረ። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ ከጎረቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ትኖራለች። ግድግዳ ጆሮ አለው የሚባለው በእኛ ቤት ተረት አልነበረም፤ ስናስነጥስ ከወዲያ «ይማርሽ» እንባላለን። እናቴ ዝም አለች። ዝምታው ወደ ራስ ምታት ዞረ፣ ራስ ምታቱ ወደ ምግብ መጥላት። ሐኪም ቤት አንድም በሽታ አላገኙባትም። እኔና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ቤት ውስጥ በጣታችን ጫፍ መሄድ ጀመርን።

አባቴ ለእነ እናቴ መዝሙር ጆሮ አልነበረውም። «ከበሮና ጸናጽል የሌለው ምን ዝማሬ ነው» ይል ነበር። ለሷ ግን ዓይን ነበረው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ልበሱ፣ ሽርሽር እንወጣለን» አለን። እናቴ ቆጮ በቅቤ አሽታ ቋጠረች፣ እሱ ዳቦ ያዘና ታቦርን ሊያወጣን ወሰደን። ከግራሩ መካከል በምትጠማዘዘው የፍየል መንገድ ወጣን፤ ትንሹን ወንድሜን አባቴ እሽኮኮ አደረገው። አናቱ ላይ ስንደርስ ሐይቁ በአንድ በኩል፣ ከተማው በሌላ በኩል፣ የአላሙራ ተራራ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ተዘረጉልን፤ ሰው የሚባል የለም። አባቴ እናቴን እንዲህ አላት፦

«እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ እቀመጣለሁ። ጀርባዬን ከሰጠሁ አልሰማም። ካልሰማሁ ደግሞ የሚጠይቀኝ ቢመጣ አልሰማሁም እላለሁ፤ እውነት ነው።»

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ስትስቅ ካየናት ሰንብተን ነበር። ከዚያ ዘመረች። ሦስት አንጓ ያላት መዝሙር ናት። ሁለቱ በአማርኛ ናቸው፤ ሦስተኛው እናቷ ያስተማረቻት፣ በሲዳምኛ ብቻ የሚዘመር ነው። አዝማቹ እንዲህ ነበር፦

«ዳገቱን ያወጣኸኝ፣
ሜዳው ላይ አትተወኝ፣
ጌታዬ እጄን ያዘኝ።»

አባቴ ከነጀርባው ድንጋዩ ላይ ተተክሎ ቀረ። ስንወርድ ከሥሩ ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በላን። እናቴ ሁለተኛውን ዓሣ ስታዝዝ፣ አባቴ ሌላ ነገር እንደሚያይ መስሎ ዓይኑን የዓሣ ትርፍራፊ ወደሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ ወደ አባ ኮዳዎቹ አዞረ። ራስ ምታቱ በዚያው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ታቦር ነን። በቤታችን ያ ወራት ከጥጋብም ከሰላምም የተሻለ ነበር፤ ሳስታውሰው አሁንም ደስ ይለኛል።

ደስታ ግን ያኔ ያለ መመሪያ አይፈቀድም ነበር።

አንድ እሑድ አሞራ ገደል ዓሣችንን ስንበላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደረሰብን። ሊቀመንበሩ የሲዳማ ልጅ ነው፤ ፊቱ የሚያምር፣ ቁመቱ የሞላ ሰው። አማርኛን ከሬዲዮ ነው የተማረው ይሉታል፤ ስለዚህ ጨው አቀብሉኝ ሲል እንኳ ዜና የሚያነብ ይመስላል። ከዓሣ ሻጮቹ ጋር በሲዳምኛ ሲያወራ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ይቀልዳል፣ ትከሻ መታ ያደርጋል። ወደ እኛ ዞሮ ደረቱን ነፋና ተመለሰ፣ ወደ አማርኛውም ተመለሰ።

«ጓድ መምህር፣ መላው ቤተሰብ በአቧራ ተሸፍኖ ይታያል። ከምን ዓይነት ተግባር መመለሳችሁ ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን ዘመድ ጥየቃ ይል ነበር። አባቴ «ከሽርሽር» አለ።

ሊቀመንበሩ ቃሉን እንደ መራራ ነገር አጣጣመው። «ሽርሽር የንዑስ ከበርቴ ልማድ ነው» አለ። ቆይቶ ግን አገጩን አሻሸ። «መራመዱ ራሱ ግን ችግር የለበትም። ችግሩ አለመደራጀቱ ነው።»

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከዚያው ከእናቴ ምስባክ ላይ፣ በቀበሌያችን ያለ ምንም መመሪያ የሚራመድ አንድ ቤተሰብ መኖሩ ተገለጸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሊቀመንበሩ ቀጥሎ፣ የዚህ ቤተሰብ ተነሳሽነት የሚደነቅ ስለሆነ ከእንግዲህ የቀበሌው ቤተሰብ ሁሉ እሑድ ጠዋት ጠዋት የቤተሰብ የእግር ጉዞ እንደሚያደርግ፣ መንገድ መሪውም መምህሩ እንደሚሆኑ አስታወቀ። ተጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ፤ ያለማጨብጨብ ቦታ አልነበረውም። እናቴ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች። እሑድ ጠዋት ማለት ምን እንደ ሆነ ያልገባው ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ ቅዳሴም መዝሙርም በዚያች ሰዓት ነው፤ ለሁለቱም ወገን አድልዎ የለም።

እንዲህ ሆኖ ሽርሽራችን ተደራጀ። በመጀመሪያው እሑድ የቀበሌው ሕዝብ በሰልፍ ቆመ፤ አባት ከፊት፣ እናት ከመካከል፣ ልጆች በቁመት። ሊቀመንበሩ ሜጋፎን ይዟል። የታቦርን ስም ግን በአፉ አያነሣም፤ ስሙ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ስለሆነ ሳያሳስበው አልቀረም፤ «ከሐይቁ አጠገብ ያለው ከፍታ» ነበር የሚለው። መፈክሩ «በእግራችን ወደፊት!» ነበር። አባቴ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ «በእግራችን ካልሆነ በምናችን?» አላት።

በየእፎይታው ውይይት አለ። ርዕሱ የመራመድ ጥቅም ነው። ሕፃናት ውሃ እያሉ ሲያለቅሱ፣ አዛውንቶች ጉልበታቸውን ሲያሹ፣ የሆነ ሰው ተነሥቶ መራመድ ለጤና ጠቃሚ መሆኑን ያስረዳል፤ ሌላው ይህን ይደግፋል። አባ ኮዳዎች በራ ራሳቸውን አቀርቅረው ግራር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እነሱ ይመስሉ ነበር።

ትልቁ ችግር የተፈጠረው ስንመለስ ነው። አባቴ በመጣንበት ሊመልሰን ሲዞር ሊቀመንበሩ አስቆመው።

«ጓድ መምህር፣ አብዮት ወደ ኋላ አይመለስም።»

«እኛ ግን ምሳ አልበላንም» አለ አባቴ።

«በመጡበት መንገድ መመለስ የተሳሳተ መልእክት ያስተላልፋል።»

ስለዚህ በወዲያኛው በኩል፣ መንገድ በሌለበት፣ በእሾህና በድንጋዩ ወረድን። የአንድ ሽማግሌ ነጠላ ግራር ላይ ቀረ። የጡረተኛው ሻምበል ሚስት ተቀምጣ ተንሸራተተች፤ ስትደርስ «ከዚህ በኋላ አብዮቱ የወሰደውን ይውሰድ» አለችና ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ካርታ ላይ ተደፍቶ፣ አንዴም ወደ ኋላ ሳይመለስ ሰውን ቤቱ የሚያደርስ መንገድ ፈለገ። አገኘም፤ ክብ ነው፤ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ቀበሌው በር ላይ ነው። ሊቀመንበሩ በጣም አመሰገነው። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ ካስተማረው ጂኦግራፊ ጥቅም ላይ የዋለው ይህ ብቻ መሆኑን ሲያስብ ይናደድ ነበር።

እናቴ እንደ ገና ዝም አለች። አባቴ ጀርባውን የሚሰጥባት ድንጋይ ላይ አሁን የውይይት መሪው ይቀመጥባታል። ራስ ምታቱ ተመለሰ፤ ዓሣው ሲቀርብላት ለወንድሜ ትገፋለታለች። አባቴ አንድ ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሊወስዳት ሞከረ። ከታች የአብዮት ጥበቃ ቆሞ «ከፍታው ለቤተሰብ ጉዞ ተይዟል፤ በተናጠል አይወጣም» ብሎ መለሳቸው። አባቴ ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ «አንድ ጉብታ ነበረን» አለ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰብሮ ስለ ነበር ማንኛችንም ቀና አላልንም።

ነገሩን ያባሰው፣ ወይም ያዳነው፣ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ናት። የእናቴን ድምፅ ታስታውስ ኖሮ ለሊቀመንበሩ ነገረችው። ሊቀመንበሩ አንድ ምሽት ቤታችን ድረስ መጣ፤ ወንበር ሲሰጡት አቧራውን አራግፎ ተቀመጠ።

«እኅቴ፣ ጉዞው መዝሙር ይጎድለዋል። ድምፅሽ ለሰፊው ሕዝብ ያስፈልጋል» አላት።

«እኔ የአብዮት ዘፈን አላውቅም» አለች እናቴ።

«አዲስ አውጪ። እስከ እሑድ።»

ከሄደ በኋላ እናቴ ራት ሳትበላ ተቀመጠች። የምታውቀው ዜማ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የተወለደ ነው፤ አዲስ ላውጣ ብትልም አፏን ስትከፍት የሚወጣው ያው ነው። ሰው ያደገበትን ዜማ እንደ ሸሚዝ አይለውጥም። በመጨረሻ ለአባቴ እንዲህ አለችው፦ «ጋሼ፣ ቃሉን ብቻ ብለውጠውስ? ዜማው እንኳ ይውጣልኝ።»

አባቴ ፈራ። ከተነቃባት ወኅኒ እንደምትገባ ያውቃል፤ ለዚህ ያህል ብዙም የማያውቃቸው ሰዎች ገብተዋል። ሆኖም ፊቷን አየና «በይ እስኪ፣ ምን ልትለውጪ?» አለ።

«‹ጌታዬ› የሚለውን ‹አብዮት› ልለው። ዜማው ላይ እኩል ይሄዳል።»

አባቴ ለአንድ አፍታ ፍርሃቱን ረሳው። «‹ዳገቱን ያወጣኸኝ› ትላለሽ። አብዮት ወንድ ነው ሴት?»

ራት የቀዘቀዘው በዚህ ክርክር ነው። አባቴ «ትወልዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ልጆቿን ትበላለች ሲሉም ሰምቻለሁ፤ ሴት ሳትሆን አትቀርም» ይላል። እናቴ ግድግዳውን እያሳየች አፉን እንዲዘጋ ትለምነዋለች። መጨረሻ ላይ አብዮት ወንድ ሆነ፤ ዜማው እንዳይሰበር። ሁለቱ የአማርኛ አንጓዎች በዚህ መንገድ ተስተካከሉ። ሦስተኛው፣ የሲዳምኛው፣ ሳይነካ፣ አናቱ ላይም ላይዘመር ቀረ። ማንም ስለማይጠይቀው ያልተደራጀ ቢሆን ምንም አይደል አልን።

እሑድ አናቱ ላይ ስትጀምረው እኔ ሰውን ነበር የማየው። በመጀመሪያው ስንኝ የቀበሌያችን እኩሌታ አንገቱን ደፋ። ሁሉም አወቁት። ያቺ መዝሙር ስንት እሑድ አብረው የዘመሯት ናት። አንድ አናጢ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ተቀበሉ፤ በሁለተኛው አዝማች ከተማው ድረስ ይሰማል። ለ«በእግራችን ወደፊት» አንዲት ቃል ያልወጣቸው አሮጊቶች እንባቸው እየወረደ «አብዮት እጄን ያዘኝ» ይሉ ነበር። ኦርቶዶክሶቹም ዜማው ሲጥማቸው ገቡበት። ሊቀመንበሩ ሰው እንዲህ ለአብዮቱ ሲንሰፈሰፍ አይቶ አያውቅም፤ ዓይኑ ራሱ እርጥብ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከጉዞው የሚቀር ሰው ጠፋ። አጎራባች ቀበሌዎች ሰውን ለሰልፍ በግድ ሲያስወጡ፣ የእኛዎቹ ጎሕ ሳይቀድ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ጀመር። የእናቴ ራስ ምታት ግማሹ ተሻላት። ግማሹ ያልተሻላት በቃሉ ምክንያት ነው፤ «ጌታዬ» የነበረበት ቦታ ላይ ስትደርስ ምላሷ እንደሚያመነታ ትናገር ነበር።

ዝናችን ክፍለ ሀገር ደረሰ። አንድ ካድሬ ተአምሩን ሊያይ መጣ። ቀጭን፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ዝቅ በማድረጉ የበለጠ ይፈራል። ላቡን እየጠረገ አናት ላይ ወጣና ዙሪያውን አይቶ «ድንቅ ተራራ ነው» አለ።

«ጉብታ ነው» አለ አባቴ።

ካድሬው መነጽሩን አውልቆ አባቴን አየው። ሊቀመንበሩ ፈጥኖ «ጓድ መምህር የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው» አለ። ካድሬው «እውነት የሚናገር ሰው ጥሩ ነው» ብሎ መነጽሩን መለሰ። ይህ ሙገሳ ይሁን ማስጠንቀቂያ ማንም አልገባውም።

እናቴ ጀመረች። አንደኛው አንጓ፣ አዝማች፤ ሁለተኛው አንጓ፣ አዝማች። ሕዝቡ እንደ ወትሮው ተቀበለ። እንደ ወትሮው እዚያ ላይ አቆመች። ዜማው ግን በሰው አፍ ውስጥ አልቆም አለ፤ ሁሉም ከንፈሩን ገጥሞ ማዜሙን ቀጠለ፣ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ። በዚያ ክፍት ቦታ አንድ ድምፅ ገባ። ሦስተኛውን አንጓ፣ በሲዳምኛ፣ አንዲት ቃል ሳይስት።

ሊቀመንበሩ ነበር። ዓይኑን ጨፍኗል። ሜጋፎኑን ከአፉ አላወረደውም፤ ስለዚህ ታቦርም፣ ሐይቁም፣ አሞራ ገደል ያሉት ዓሣ አጥማጆችም ሰሙት። ድምፁ ዜና የሚያነበው ድምፅ አልነበረም። እንደ እናቴ ከእናቱ የተማረው መሆኑ በግልጽ ያስታውቃል። እስከ መጨረሻው ሄደ። ሲጨርስ ዓይኑን ገለጠና የት እንዳለ አየ።

ሜጋፎኑ ሲጢጥ ብሎ ዝም አለ። እናቴ የኔን እጅ ያዘች። የሊቀመንበሩ ፊት ደም የሚባል አልቀረውም። አንዲት መዝሙር ሁለቱንም ይዛ ልትሄድ ነው፤ አውጥታለችና እሷን፣ ጨርሷልና እሱን።

ካድሬው መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በዚያ ዝቅተኛ ድምፁ «ይኼኛው ምን ይላል?» አለ። ሊቀመንበሩ ሜጋፎኑን አወረደ። ካድሬው ወደ አባቴ ዞረ። «መምህር፣ እውነት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ይተርጉሙልኝ።»

አባቴ ሲዳምኛ አያውቅም። ቢያንስ እኛ የምናውቀው እንዲህ ነው። ገበያ ላይ እንኳ ሽንኩርት ሲገዛ በጣቱ ነው የሚያወራው። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«የከበደኝን ሸክም ከትከሻዬ አወረድክልኝ፤ ስወድቅ ሰማኸኝ፤ ከእንግዲህ ብቻዬን አልሄድም፣ ይላል» አለ አባቴ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር፣ ቀስ እያለ።

የእናቴ ዓይን ተገለጠ። ሳይዛነፍ ቃል በቃል እሱ ነበር የሚለው።

«አወረድክልኝ የሚለው ማንን ነው?» አለ ካድሬው።

አባቴ በዕድሜው ሙሉ ያልቻለውን ነገር ሊሠራ ነው። እናቴን አየ።

«ሰፊውን ሕዝብ» አለ።

ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ የብሔረሰቦች ባህል መበረታታት አለበት አለና ሰዓቱን አይቶ በአባቴ ክብ መንገድ ወረደ። ሕዝቡም ወረደ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እናቴ አጠገቡ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጀርባዬን ከሰጠሁ አልሰማም አላሉም?»

«ነፋሱ ነው» አለ አባቴ። «ወደ ሐይቁ ነው የሚነፍሰው።»

«ቋንቋውንስ? እሱንም ነፋስ ነው ያስተማረዎት?»

አባቴ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ውሸት እንደማይችል አንዴ ነግሬያለሁ፤ በአንድ ቀን ሁለት ደግሞ ጭራሽ አቅሙ አልነበረም። ኋላ ነው የሰማነው፣ ለካ አብራው የምታስተምር የሲዳማ መምህርት ዘንድ በእረፍት ሰዓት እየሄደ ቃሉን አንድ በአንድ ሲጠይቅ ከርሟል። ሚስቱ በሳምንት አንዴ ከጀርባው ምን እንደምትል ማወቅ ፈልጎ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ሂስና ግለሂስ ላይ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ስለ ራሱ ያለው ግን አንድም ነገር አልነበረም። ሲጨርስ የቤተሰብ የእግር ጉዞው ከዕቅድ በላይ ስለ ተሳካ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም መወሰኑን፣ ከፍታውም ለማንም ክፍት መሆኑን ገለጸ። በጣም ተጨበጨበ። እናቴም አጨበጨበች። ከምስባኩ ሲወርድ በእሷ አግዳሚ በኩል ነበር ያለፈው፤ አላያትም፤ ባለማየቱ ግን እንዳያት ታወቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቆጯችንንና ዳቧችንን ይዘን በፍየሏ መንገድ ወጣን። ታቦር ባዶ ነበር፤ ከሰልፉ የተረፈ አንድ የተቀደደ የጨርቅ መፈክር ግራር ላይ ይወዛወዛል። አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጠ። እናቴ «አሁንስ ምን ያደርግልዎታል?» ብትለው «ልማድ ነው» አላት። እሷም አፏን ከፈተች፤ በዚያው ቅጽበት ከበታቻችን ጠጠር ሲንኮታኮት ሰማን።

ሊቀመንበሩ ነበር። ካኪውን አልለበሰም፤ ሜጋፎኑም የለም። ከኋላው ሚስቱ ቋጠሮ ይዛ፣ ትንንሾቹ ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው ይወጣሉ። እናቴ አፏን ዘጋች። አባቴ ተነሥቶ ቆመ። የት እንደምንሄድ፣ ምን እንደምንል አሰብን፤ ልጆች ይዘው የሚሄዱበት ሌላ ቅርብ ኮረብታ አዋሳ የላትም።

ሊቀመንበሩ ትንፋሹን ሰብስቦ አየን። «ሽርሽር ናችሁ?» አለ።

አባቴ «አዎ፣ ሽርሽር» አለ፤ ሌላ መልስ አያውቅም።

«እኛም ሽርሽር ነን» አለ ሊቀመንበሩ።

ከኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ መረጠ። ልጆቹን አስቀመጠ፤ ሚስቱ ቋጠሮውን ፈታች። ከዚያ እሱ ራሱ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረና እንደ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። አባቴም ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ሁለቱ ሰዎች ምንም ሳይሰሙ ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። አንደኛውንም ሁለተኛውንም ተወችና ከሦስተኛው አንጓ ጀመረች።